የካሲኖ ፈቃድና ዋጋው፦ የጃፓን የአኪሞቶ ጉዳይ

የቶኪዮ ዐቃቤ ሕግ ልዩ የምርመራ ክፍል በዲሴምበር 25 ቀን 2019 አኪሞቶ ፁካሳ የተባሉትን የገዥው ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክር ቤት አባል በጉቦ ተቀባይነት ጠርጥሮ በቁጥጥር ሥር አዋለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጃፓን አንድ የምክር ቤት አባል ወንበሩ ላይ እያለ ሲታሰር በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። አኪሞቶ በዚያው ዕለት ከፓርቲያቸው ወጡ፤ የምክር ቤት ወንበራቸውን ግን አልለቀቁም፤ ክሱንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ክደው ተከራከሩ።

ይህ ጉዳይ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው በገንዘቡ ብዛት ምክንያት አይደለም። ፍርድ ቤት በኋላ እንዳረጋገጠው ጉቦው በጥሬ ገንዘብ፣ በጉዞና በመስተንግዶ ተደምሮ 7.6 ሚሊዮን የን ገደማ ነበር፤ ከታላላቅ የሙስና መዝገቦች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ገንዘብ ነው። ልዩ የሚያደርገው ሰውየው የነበሩበት ቦታ ነው። ካሲኖን ሕጋዊ የሚያደርገው ረቂቅ በ2016 ሲታይ የመረመረውን ቋሚ ኮሚቴ የመሩት እሳቸው ነበሩ። ቀጥሎ ዝርዝሩን የሚደነግገው ሁለተኛው ሕግ ሲዘጋጅ በመንግሥት በኩል የካሲኖ ጉዳይ ኃላፊ ከነበሩት ምክትል ሚኒስትሮች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጉቦውም የተሰጣቸው በዚሁ ጊዜ፣ ፈቃድ በሚፈልግ ኩባንያ ነው። በእኔ እምነት ጉቦው ከሕጉ ውጪ የደረሰ አጋጣሚ ሳይሆን ሕጉ ከተሠራበት መንገድ የበቀለ ነው፤ ፈቃዱ እጅግ ጥቂት፣ ዋጋው እጅግ ከፍተኛ፣ ውሳኔው በጥቂት ሰዎች እጅ፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ሕዝብ ደግሞ ያልተጠየቀበት ሥራ ነበርና።

ቁማር የተከለከለባት፣ ቁማር የሞላባት አገር

የጃፓን የወንጀል ሕግ የወጣው በ1907 ነው። አንቀጽ 185 ቁማር የተጫወተን ሰው በገንዘብ ይቀጣል፤ አንቀጽ 186 ቁማርን ልማዱ ያደረገን ሰው እስከ ሦስት ዓመት፣ ለትርፍ ሲል ቁማር ቤት የከፈተን ደግሞ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ከክልከላው ጎን በልዩ ሕጎች የተፈቀዱ ውርርዶች አሉ፤ የፈረስ፣ የብስክሌት፣ የሞተር ጀልባና የሞተር ብስክሌት ውድድሮች፣ ሎተሪና የእግር ኳስ ዕጣ። እነዚህን የሚያካሂዱት የአካባቢ አስተዳደሮችና መንግሥታዊ አካላት ሲሆኑ፣ ከወንጀልነት ነጻ የሚሆኑትም ገቢያቸው ለሕዝብ ጥቅም ይውላል በሚል ምክንያት ነው። የግል ኩባንያ ለራሱ ትርፍ ቁማር እንዲያጫውት የፈቀደ ሕግ ግን እስከ 2016 አልነበረም።

በሌላ በኩል ፓቺንኮ የተባለ የማሽን ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ትንንሽ የብረት ኳሶች በገንዘብ ይወስዳል፤ በመደበኛው ሂሳብ የአንዷ ዋጋ 4 የን ነው። ማሽኑ ኳሶቹን ወደ ላይ ይወነጭፋቸውና በሚስማሮች መካከል እየነጠሩ ይወርዳሉ፤ ከቀዳዳው የገባች ኳስ ሌሎች ኳሶችን ታስገኛለች። አዳራሹ በጥሬ ገንዘብ መክፈል በሕግ ስለተከለከለ አሸናፊው ኳሶቹን አስቆጥሮ በፕላስቲክ የታሸገ ትንሽ የወርቅ ቁራጭ ይቀበላል። ከአዳራሹ ወጥቶ ትንሽ እንደተራመደ አንዲት ጠባብ መስኮት ያገኛል፤ ወርቁን በመስኮቷ ያስገባል፣ ጥሬ ገንዘብ ይወጣለታል። ሌላ ነጋዴ ደግሞ ወርቁን ከመስኮቷ ባለቤት ገዝቶ ለአዳራሹ መልሶ ይሸጣል። ሦስቱም በወረቀት ላይ የተለያዩ ድርጅቶች በመሆናቸው በሕግ ዓይን ቁማር አልተካሄደም። ይህን ዙር ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ አዳራሾቹን የሚቆጣጠረው ፖሊስም ያውቀዋል። የካሲኖው ሕግ በወጣበት ጊዜ በአገሪቱ ከ10 ሺህ በላይ የፓቺንኮ አዳራሾች ነበሩ።

የዚህ ውጤት በ2017 በጤና ሚኒስቴር ድጋፍ በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ታይቷል። ከአዋቂዎች መካከል 3.6 በመቶው፣ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ በሕይወት ዘመኑ በአንድ ወቅት የቁማር ሱሰኛ ነበር ተብሎ የሚጠረጠር ሆኖ ተገኘ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት በፓቺንኮና በተመሳሳይ ማሽኖች ላይ ነው። ጥናቱ ይፋ የሆነው ካሲኖን የሚፈቅደው ሕግ ከጸደቀ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የቁማር ሱስን ለመከላከል የተለየ ሕግ የወጣውም በ2018 ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ በነባሩ ቁማር እየተጎዳ መሆኑ እየታወቀ አዲሱ በር ቀድሞ ተከፈተ፤ ስለተጎጂው ማሰብ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከስድስት ሰዓት ያነሰ ክርክር

ካሲኖን የሚደግፉ የምክር ቤት አባላት ከተለያዩ ፓርቲዎች ተሰባስበው ማኅበር ያቋቋሙት በ2010 ነው፤ ሲንጋፖር ሁለት ግዙፍ ካሲኖዎቿን የከፈተችበት ዓመት መሆኑ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በ2014 ሲንጋፖር ሄደው እነዚያን ማዕከሎች ጎበኙና ለጃፓን የዕድገት ስልት ዋና ምሰሶ ይሆናሉ አሉ። ሐሳቡ የቀረበው በጥቅል ነበር። ሆቴል፣ የጉባኤ አዳራሽ፣ የኤግዚቢሽን ሥፍራና ቲያትር በአንድ ግቢ ይሠራሉ፤ ካሲኖው ከእነሱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ የሚመጣውም የውጭ አገር ጎብኚ ገንዘቡን ይዞ ነው ተባለ።

ረቂቁ በኖቬምበር 30 ቀን 2016 ለታችኛው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ቀረበ። በዲሴምበር 2 ድምፅ ተሰጠበት። በመካከሉ የነበረው ክርክር ተደምሮ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ለአንድ ምዕተ ዓመት በወንጀልነት የቆየን ነገር ለግል ኩባንያ የሚፈቅድ ሕግ የተመረመረው በዚህ ፍጥነት ነው። ያም ጊዜ ቢሆን በሙሉ ለሕጉ አልዋለም፤ ታኒጋዋ ያኢቺ የተባሉት የገዥው ፓርቲ አባል የተመደበላቸው የጥያቄ ሰዓት ስለተረፋቸው በኮሚቴው ፊት የቡድሂስት ጸሎት ደግመዋል። በምርመራ መድረክ የተሰጠ የጥያቄ ሰዓት የሚተርፍ ከሆነ ምርመራው አስቀድሞ አልቆ ነበር ማለት ነው። እኚሁ ሰው በ2024 ከፓርቲ አንጃቸው የደረሳቸውን ከ40 ሚሊዮን የን በላይ ገንዘብ ሳያስመዘግቡ በመቅረታቸው ተከስሰው ከምክር ቤት መልቀቃቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ጸሎቱ ሲደገም፣ ድምፁም ሲሰጥ ሰብሳቢው አኪሞቶ ነበሩ።

የጥምር መንግሥቱ አጋር የሆነው ኮሜይቶ ፓርቲ አባላቱን በአንድ አቋም ማሰለፍ ስላልቻለ እያንዳንዱ እንደ ኅሊናው ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ የፓርቲው መሪ ራሳቸው ተቃወሙ። ሕጉ ግን በዲሴምበር 15 ጸደቀ።

ዝርዝሩን የደነገገው ሁለተኛው ሕግ የጸደቀው በጁላይ 20 ቀን 2018 ነው። ያን ጊዜ ምዕራብ ጃፓን ከ200 በላይ ሰዎችን በገደለ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ተመትታ ነበር። ለካሲኖው ሕግ ምላሽ የሚሰጡት ሚኒስትር የመሬት፣ የመሠረተ ልማትና የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ነበሩ፤ ወንዞቹና መንገዶቹም የሚተዳደሩት በዚሁ ሚኒስቴር ነው። ተቃዋሚዎች ሚኒስትሩ ወደ አደጋው ፊታቸውን እንዲያዞሩ ቢወተውቱም መንግሥት ክርክሩን አላቆመም።

ሕጉ መልካም ድንጋጌዎች የሉትም ማለት አይቻልም። ፈቃድ የሚሰጠው ቢበዛ ለሦስት ቦታዎች ነው። የካሲኖው ወለል ከመላው ማዕከል ስፋት ከ3 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጃፓናውያንና የአገሪቱ ነዋሪዎች ለመግቢያ 6,000 የን ይከፍላሉ፤ በሳምንት ከሦስት ጊዜ፣ በ28 ቀን ውስጥም ከ10 ጊዜ በላይ መግባት አይችሉም። ቤተሰብ ሱሰኛ የሆነ ዘመዱ እንዳይገባ ማሳገድ ይችላል። ካሲኖው ከተጫዋቾች ከሚያተርፈው ገቢ 30 በመቶውን ለማዕከላዊ መንግሥትና ለአካባቢ አስተዳደር እኩል ይከፍላል። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ለሚያየው የመግቢያው ገደብ ሰፊ ነው፤ አንዱ መግቢያ 24 ሰዓት ስለሚያገለግል ማታ ገብቶ በማግስቱ ማታ የሚወጣ ሰው በሦስት መግቢያ ስድስት ቀን ሊነካ ይችላል። ከዚህም የከፋው የብድሩ ድንጋጌ ነው። ካሲኖው የተወሰነ መጠን ገንዘብ በመያዣነት ላስቀመጠ ተጫዋች እዚያው ገንዘብ እንዲያበድር ተፈቅዶለታል። በጃፓን ለግለሰብ የሚያበድሩ የገንዘብ ድርጅቶች ከተበዳሪው ዓመታዊ ገቢ ሲሶ በላይ እንዳያበድሩ ታግደዋል፤ ይህ ገደብ ካሲኖውን አይመለከትም። በመሸነፍ ላይ ላለ ሰው፣ ያውም በተሸነፈበት ወንበር ላይ ሳለ፣ አሸናፊው ራሱ ገንዘብ የሚያበድርበት ሥርዓት በሱስ መከላከያ ሕግ አይካካስም።

ጉቦው እንዴት ተሰጠ

አኪሞቶ በኦገስት 2017 የካሲኖ ጉዳይ ኃላፊነት ያለበትን የምክትል ሚኒስትርነት ሹመት ተቀበሉ። በዚያው ወር ፋይቭ ሀንድረድ ዶት ኮም የተባለው ኩባንያ በኦኪናዋ ደሴት በናሃ ከተማ ስለ ካሲኖ ማዕከሎች ጉባኤ አዘጋጀ፤ አኪሞቶም ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ኩባንያው ዋና ቢሮው በቻይና ሼንዠን፣ አክሲዮኑ በኒው ዮርክ ገበያ የሆነ የኢንተርኔት ስፖርት ሎተሪ ነጋዴ ነበር። ካሲኖ ሠርቶ አያውቅም። ከላስ ቬጋስና ከማካው ግዙፍ ኩባንያዎች ጋር በልምድም ሆነ በካፒታል ሊወዳደር የማይችል ድርጅት በሩን ሊያስከፍት የሚችለው በሰው ብቻ ነበር፤ ያንኑም ሞከረ።

በሴፕቴምበር 28 ቀን 2017 የታችኛው ምክር ቤት ተበትኖ ምርጫ ታወጀ። ፍርድ ቤቱ እንዳረጋገጠው በዚያው ዕለት የኩባንያው ሰዎች በምክር ቤት አባላት ሕንጻ ወደሚገኘው የአኪሞቶ ቢሮ ሄደው 3 ሚሊዮን የን በጥሬ ገንዘብ ሰጡ፤ ስሙም ለምርጫ ዘመቻ የሚሰጥ ማበረታቻ ነበር። እጅ መንሻ ምን ጊዜም እንዲህ ያለ የክብር ስም አያጣም። በዲሴምበር 2017 ኩባንያው አኪሞቶን ወደ ሼንዠንና ማካው ወሰዳቸው። በፌብሩዋሪ 2018 ደግሞ ከነቤተሰባቸው ወደ ሆካይዶ ጋበዛቸው፤ ኩባንያው ካሲኖ ሊሠራበት ያሰበው የሩሱትሱ መንደር የሚገኘው እዚያው ሆካይዶ ውስጥ ነው።

ምርመራው ሲሰፋ የኩባንያው ሰዎች ለሌሎች አምስት የምክር ቤት አባላትም ገንዘብ ሰጥተናል አሉ። አንዱ መቀበላቸውን አምነው ከፓርቲያቸው ተባረሩ፤ አራቱ አልተቀበልንም አሉ። ከአምስቱ የተከሰሰ የለም። ሰጥተናል ያሉት የኩባንያው ሰዎች ግን ተከስሰው ጥፋተኛ ተባሉ።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመው ከጉቦውም የከበደ ነው ባይ ነኝ። አኪሞቶ በፌብሩዋሪ 2020 በዋስ ተለቀቁ። በኦገስት 2020 ግን እንደገና ታሰሩ፤ ክሱ በግብረ አበሮች በኩል ለጉቦ ሰጪዎቹ ገንዘብ አቅርበው በፍርድ ቤት ቃላቸውን እንዲለውጡ ሞክረዋል የሚል ነበር። በችሎት ራሳቸውን የተከላከሉት ጥሬ ገንዘቡ ተሰጠ በተባለበት ሰዓት ቢሮዬ ውስጥ አልነበርኩም በማለት ሲሆን፣ እርምጃ የሚቆጥረውን የእጅ ስልካቸውን መዝገብ እንደ ማስረጃ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 7 ቀን 2021 በጉቦውም ምስክር ለመግዛት በመሞከርም ጥፋተኛ ብሎ የአራት ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ 7.58 ሚሊዮን የን ያህል ገንዘብም እንዲመልሱ ወሰነ። የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2024 ፍርዱን አጸና። በሚቀጥለው ወር አኪሞቶ በቀድሞው የምርጫ ወረዳቸው በተካሄደ የማሟያ ምርጫ በግል ተወዳድረው ተሸነፉ።

ኩባንያው ስሙን ቢት ማይኒንግ ብሎ ለውጦ ወደ ክሪፕቶ ገንዘብ ሥራ ገባ። አክሲዮኑ በኒው ዮርክ ይሸጥ ስለነበር ግን የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ተከታተለው። በኖቬምበር 2024 ከ2017 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ለጃፓን ባለሥልጣናት ጉቦ ለመስጠት ማሴሩን አምኖ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማማ። ተገቢው ቅጣት 54 ሚሊዮን ዶላር ቢሆንም የመክፈል አቅሙ ታይቶ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ተደረገለት። ካሲኖውን አላገኘም። የሆካይዶ አስተዳዳሪ ገና አኪሞቶ ሳይታሰሩ በኖቬምበር 2019 የአካባቢ ጥበቃን ምክንያት አድርገው ሆካይዶ ለካሲኖ ፈቃድ እንደማያመለክት ገልጸው ነበር።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሥርዓቱ ሠርቷል ይላል፤ ጉቦ ተቀባዩ ተፈረደበት፣ ጉቦ ሰጪው ተቀጣ፣ ካሲኖው ቀረ። እኔ በዚህ አልስማማም። የተያዘው ደካማው ነጋዴ ነው። ሕጉ ለሦስት ቦታ ብቻ ፈቃድ ሲወስን ቁማርን የገደበ ይመስላል፤ በዚያው ልክ ግን እያንዳንዱን ፈቃድ በትሪሊዮን የን የሚገመት ሀብት አድርጎታል። ዕቅዷ በጸደቀላት በኦሳካ ከተማ ብቻ የመጀመሪያው ኢንቨስትመንት ከ1 ትሪሊዮን የን በላይ ነው። ይህን የሚያህል ሀብት በጥቂት ሰዎች ፊርማ የሚታደል ከሆነ ለባለሥልጣን የሚቀርበው 3 ሚሊዮን የን ለሰጪው ከምንም አይቆጠርም። ልምድም አቅምም ያላቸው ኩባንያዎች ደግሞ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም፤ በጉባኤ፣ በጉብኝት፣ በአማካሪዎችና በከፍተኛ ደረጃ በሚደረግ ቁርስ በሕጋዊ መንገድ ያንኑ ጆሮ ያገኛሉ። አቤ በፌብሩዋሪ 2017 በዋሽንግተን ከአሜሪካ የንግድ ሰዎች ጋር ቁርስ ሲበሉ በገበታው ከነበሩት አንዱ የግዙፉ የካሲኖ ኩባንያ የላስ ቬጋስ ሳንድስ ባለቤት ነበሩ። ይህ ወንጀል አይደለም። ስለ ቁማር ሕግ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ግን ያሳያል፤ በ3.2 ሚሊዮኑ ሰው ቤት ያሉት ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች በዚያ ገበታ ወኪል አልነበራቸውም።

ሕዝብ የተጠየቀበት አንድ ቦታ

የዮኮሃማ ከንቲባ የነበሩት ሃያሺ ፉሚኮ በ2017 ሲመረጡ ስለ ካሲኖ የወሰንኩት ነገር የለም ብለው ነበር። በኦገስት 2019 ከተማዋ እንደምታመለክት አስታወቁ። ነዋሪዎች ውሳኔው በሕዝበ ውሳኔ እንዲሆን ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ የኮቪድ ወረርሽኝ ወራት ቢሆንም ከ190 ሺህ በላይ ተቀባይነት ያለው ፊርማ ሰበሰቡ፤ በሕግ ከሚጠየቀው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ካሲኖው ሊሠራበት በታሰበው ወደብ የሚሠሩት የጭነት ኩባንያዎች አዛውንት መሪ ፉጂኪ ዩኪዮም ወደቡን ለቁማር አንሰጥም ብለው በይፋ ቆሙ። የከተማዋ ምክር ቤት በጃንዋሪ 2021 የሕዝበ ውሳኔውን ጥያቄ ውድቅ አደረገው።

ነዋሪዎቹ መልስ የሰጡት በኦገስት 2021 በተካሄደው የከንቲባ ምርጫ ነው። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሱጋ ዮሺሂዴ የዮኮሃማ ተመራጭና የካሲኖው ዋና አራማጅ ነበሩ፤ የሚቀርቧቸው እጩ እንኳ ካሲኖውን እንደሚያስቀሩ ቃል ለመግባት ተገደዱ። አሸናፊው ግን ካሲኖውን ሙሉ በሙሉ የተቃወሙት ያማናካ ታኬሃሩ ሆኑ፤ በሴፕቴምበር ዕቅዱን ሰረዙ።

የዋካያማ የአካባቢ ምክር ቤት በኤፕሪል 2022 የራሱን አስተዳደር ማመልከቻ ጣለው። የናጋሳኪን ማመልከቻ ማዕከላዊው መንግሥት በዲሴምበር 2023 የገንዘብ ምንጩ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ውድቅ አደረገ። ኦሳካ ብቻ ቀረች። በኦሳካም ነዋሪዎች ከ190 ሺህ በላይ ተቀባይነት ያለው ፊርማ አቅርበው ሕዝበ ውሳኔ ጠይቀው ነበር፤ ምክር ቤቱ በጁላይ 2022 ውድቅ አድርጎት የአሜሪካው የካሲኖ ኩባንያ የኤም ጂ ኤምና የጃፓኑ የገንዘብ ኩባንያ የኦሪክስ ዕቅድ በኤፕሪል 14 ቀን 2023 የማዕከላዊ መንግሥትን ማረጋገጫ አገኘ።

የኦሳካ ሂሳብ

ስለ ማኅበራዊ ጉዳቱ ለመነጋገር የተቃዋሚ ጽሑፍ መጥቀስ አያስፈልግም፤ የኦሳካ ዕቅድ ራሱ በቂ ነው። ማዕከሉ በዓመት 520 ቢሊዮን የን ገቢ እንደሚያገኝ ታቅዷል። ከዚህ 420 ቢሊዮኑ ከካሲኖው የሚመጣ ነው። ከወለሉ 3 በመቶ የማይበልጠው ክፍል የገቢውን 80 በመቶ ያመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ካሲኖው የማዕከሉ አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚለው የ2016 ክርክር በካሬ ሜትር ሲለካ እውነት፣ በገንዘብ ሲለካ ሐሰት ነው። ሆቴሉም አዳራሹም የሚኖሩት በቁማርተኛው ኪሳራ ነው።

የውጭ ጎብኚ ይመጣል የተባለውም እንዲሁ ነው። ዕቅዱ በዓመት 20 ሚሊዮን ጎብኚ ሲጠብቅ ከእነሱ የውጭ አገር ሰዎች የሚሆኑት 6 ሚሊዮን ብቻ ናቸው። የአካባቢው አስተዳደር ከመግቢያ ክፍያ ብቻ በዓመት 32 ቢሊዮን የን እንደሚያገኝ ተሰልቷል። የመግቢያ ክፍያ የሚጠየቀው ነዋሪ ብቻ ነው፤ ከ6,000 የን ውስጥ ለአካባቢው የሚደርሰው ደግሞ 3,000 ነው። 32 ቢሊዮኑ ለ3,000 ሲካፈል በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ የነዋሪ መግቢያ ይሆናል። የመግቢያ ክፍያው ለሕዝብ የቀረበው ነዋሪውን የሚያርቅ አጥር ተደርጎ ነበር፤ በበጀት ሰነዱ ላይ ግን እንደ ገቢ ምንጭ ተቀምጧል። ነዋሪው በእርግጥ ከራቀ በጀቱ ይጎድላል። እንዲህ ያለ አስተዳደር የሱስ መከላከያ ማዕከል ሲያቋቁም ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ተቃራኒውን ይነግረዋል።

ለካሲኖው የተመረጠችው ዩሜሺማ በባሕር ላይ በቆሻሻና ከባሕር ወለል በተዛቀ አፈር የተሠራች ሰው ሠራሽ ደሴት ናት። የተበከለውን አፈር ለማጽዳትና መሬቱ በርዕደ መሬት እንዳይሰምጥ ለማጠናከር የኦሳካ ከተማ 79 ቢሊዮን የን ገደማ ለመክፈል ተስማምታለች። ቀድሞ የሕዝብ ገንዘብ ለካሲኖ አይወጣም ይባል ስለነበር ነዋሪዎች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል።

የካሲኖ ሱስ ድሀውንና ያልተማረውን ብቻ ይይዛል ብሎ የሚያስብ ካለ የኢካዋ ሞቶታካን ጉዳይ ይመልከት። የዳይዮ የወረቀት ኩባንያ መሥራች ቤተሰብ ሦስተኛ ትውልድ፣ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅና የኩባንያው ሊቀ መንበር ነበሩ። በማካውና በሲንጋፖር ካሲኖዎች የተሸነፉትን ለማስመለስ ከኩባንያው ቅርንጫፎች እየተበደሩ ከ10 ቢሊዮን የን በላይ ወሰዱ። በኖቬምበር 2011 ታሰሩ፤ በ2013 የአራት ዓመት እስራቱ ጸና። የቅርንጫፎቹ ኃላፊዎች ገንዘቡን ያስተላለፉት ያለ በቂ ሰነድ፣ የባለቤቱን ቤተሰብ ቃል አምነው ነበር። የሱሱ ጠባይ ይኸው ነው፤ ተሸናፊው ገንዘቡን ሊያስመልስ እንጂ ሊጫወት አይመለስም፤ ስለዚህም ያበዳሪ መኖር ያፋጥነዋል እንጂ አያስቆመውም። አሁን ያ አበዳሪ በሕግ ካሲኖው ውስጥ ተቀምጧል።

ደጋፊዎች ቁጥጥር ያለበት ካሲኖ ከድብቁ ይሻላል ይላሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ የጃፓን ፖሊስ በ2025 ይፋ ባደረገው ጥናት 3.37 ሚሊዮን ያህል ሰው ሕገ ወጥ በሆነው የኢንተርኔት ካሲኖ መጫወቱን ገምቷል። ይሁንና በዩሜሺማ የሚከፈተው ካሲኖ በእጅ ስልኩ የሚጫወተውን ወጣት ከስልኩ የሚያላቅቅበት ምክንያት አይታየኝም። የኢንተርኔት ካሲኖ ማስታወቂያን የሚከለክለው የሱስ መከላከያ ሕጉ የ2025 ማሻሻያ አንድም ካሲኖ ሳይከፈት የወጣ ነው፤ ሕገ ወጡን ለመቆጣጠር ሕጋዊ ካሲኖ መሥራት ግዴታ አለመሆኑን ያሳያል።

የኦሳካው ግንባታ በኤፕሪል 2025 ተጀምሯል፤ የሚከፈተው በ2030 መጸው ነው። ሦስት ቦታ የሚለው ገደብ ቋሚ አይደለም። ሕጉ ራሱ የመጀመሪያው ዕቅድ ከተረጋገጠበት ቀን ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ የቦታዎቹ ቁጥር እንደገና ሊታይ እንደሚችል ይደነግጋል። የኦሳካ ዕቅድ የተረጋገጠው በኤፕሪል 2023 ስለሆነ ሰባቱ ዓመት የሚሞላው በኤፕሪል 2030 ነው። በዚያ ወር በዩሜሺማ ገና አንድም ሰው ወደ ካሲኖው አልገባም፤ ስንት ነዋሪ እንደተበደረ፣ ስንት ቤተሰብ ዘመዱን እንዳሳገደ የሚያሳይ አንድም መዝገብ አይኖርም። ቁጥሩን የመጨመሩ ክርክር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕግ ሊከፈት ይችላል።